የአምሳ ስምንት ቁጥር ዜማ

ቀን ቀን ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር፣
ቁምሳጥን በምታህል ሱቅ፣ ከኦሳካ መንደር፤
ባቡር በላይ ባለፈ በየአራት ደቂቃው
ቁልፉ ሁሉ ይንጫጫል፣ እንጃ ማን እንደጠራው።

ማታ ግን ሌላ ሰው ነኝ።
ከቀኝ ሜዳ ጀርባ፣ ርካሹ ወንበር ላይ፣
ትራምፔቴን ቀስሬ ወደ ሰማይ
ለቡድኔ እነፋለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ከንፈር ፈጅቻለሁ።
ሃትሱኤ ከጎኔ ከበሮ ትመታለች፤
የጥርስ ሐኪም ናት፣ ቀን ቀን ሰው ታስለቅሳለች።

ለማያውቅ ልንገር፤
እኛ ጋ መቺ ዱላውን ይዞ በባዶ ጆሮ አይቆምም፤
ለእያንዳንዱ ዜማ አለው፣ እንደ ሁለተኛ ስም።
ለአንዱ ማርሽ፣ ለአንዱ የበዓል ጭፈራ፤
የኛ ወርዋሪ ሲወረውር ግን ዝም ነው፣ እሱ ለብቻው ይፍራ።
ሰባተኛው ዙር ላይ ሠላሳ ሺህ ፊኛ በአንድ ትንፋሽ ያፏጫል፣
ከዚያ እንደ ደከመው ወፍ አናታችን ላይ ይወድቃል።
ቢራ ሻጯ ልጅ በርሜሏን እንደ ሕፃን አዝላ
ከሯጮቻችን ቀድማ ትደርሳለች፣ ሁለት ሁለት ደረጃ ዘላ።

ተሸንፈን ስንመለስ ደግሞ፣ ወይ ከተማዬ!
ያ ሁሉ ሕዝብ ድምፁ ሰልሎ፣ ተሰልፎ፣ ሳይጋፋ ወደ ባቡር፤
ኒዮኑ ኩሬ ውስጥ እየቀለጠ፤
ጥቅምት ሲገባ ከመንገድ ዳር ማሽን
ሳንቲም ከትቼ የማወጣው ትኩስ የበቆሎ ሾርባ፣
አንዲት ፍሬ ሁሌ ቆርቆሮው ሥር ትቀራለች፣
ብነቀንቅ ብነቀንቅ እምቢ ትላለች።

እና በዚያ ዓመት
አምሳ ስምንት ቁጥር መጣ። ቶኩናጋ ይባላል።
ከሰሜን፣ ከዓሣ አጥማጆች ወደብ፤ አንገቱ ረጅም፣ ዓይኑ መሬት ያያል።
ዜማ አልነበረውም። ለተጠባባቂ ማን ይደክማል?
እኔ ደከምኩ።
ሦስት ሌሊት ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ፣
የባቡሩን ምት ቀድቼ፣
ስምንት ሐረግ ሠራሁለት፤ ሦስተኛው ላይ ከፍ የሚል፣
በጨለማ ደረጃ ሲወጣ
የሌለውን እርከን እንደሚረግጥ ሰው።

አሥራ አንድ ጊዜ ነፋሁለት። አሥራ አንድ ብቻ።
ዘጠኙን ሳተ። አንዴ ኳስ ክንዱን መታው፣ ሳቅን።
አንዴ ግን፣ መስከረም ላይ፣ በካፊያ፣ አየር ላይ ሰቀላት፤
ወጣች፣ ወጣች፣ እኔም ከነዜማዬ ወጣሁላት፣
ከአጥሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ጓንት ውስጥ ገባች፤
ሃትሱኤ ከበሮዋ ላይ በግንባሯ ተደፋች።
በረዶ ሳይጥል ስሙ ከዝርዝር ወጣ፤
ዜማው በር እንደሌለው ቁልፍ ከኪሴ ሳይወጣ
ስድስት ዓመት።

ትናንት ሲመሽ አንድ የዕቃ አመላላሽ መጣ፣
የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ፦ «አንድ ጨምርልኝ፤
ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች፣ ብቻዋን ነው የምትመለሰው።»
አንገቱን አየሁት።
ሞረዱ ሲጮህ በጣቱ መስታወቴን መታ መታ አደረገ፣
ከዚያ በአፍንጫው አዜመ።
የኔን! የኔን ስምንት ሐረግ!
እጄ ከዳኝ፣ የቁልፉን ጥርስ ሳትኩ፣
ሌላ ቁልፍ አነሣሁ።

ግን ሦስተኛው ላይ ከፍ አላለም። ዝቅ አለ፣
ልጅ የተኛችበትን ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው።
ለካስ ሜዳው መሃል የሚደርሰው ከበሮው ብቻ ነው፤
የቀረውን ነፋስ በልቶት
የቀረውን እሱ ነው የሠራው።

«ስንት ነው?» «ስድስት መቶ የን።» ደረሰኙን አጣጠፈ።
ምን ልበለው? ጎንበስ ብዬ ሸኘሁት፤ ባቡሩ በላዬ አለፈ።

ዛሬ ጨዋታ የለም። ጎረቤት እንዳይቆጣ
ዮዶ ወንዝ ዳር ወርደን እንለማመዳለን።
ከንፈሬ ሳላዘው ያን ዜማ ጀመረ፤
ሦስተኛው ላይ ዝቅ አልኩ።
ሃትሱኤ ከበሮዋን አቆመች። «ተሳሳትክ» አለች።
«አልተሳሳትኩም» አልኳት። «ከመጀመሪያው።»
ትክ ብላ አየችኝ፣
ዱላዎቿን አነሣች።